የቤዝ ጊታር እንጨት ሰም አቀባብ (በጠጅ ቤት ሰፈፍ)

ቤዝ የምትጫወቱ የጎጃም ልጆች፣ በተለይ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ የወጣ ቤዝ ያላችሁ፣ ይቺ ለናንተ ናት። አቀባቡን አንድ በአንድ እጽፋለሁ ግን አንዱን ነገር መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል፣ አብዛኛው ቤዝ ሰም አይፈልግም። ያ ላዩ ላይ የሚያብለጨልጨው ነገር ፖሊዩሬቴን ወይ ፖሊስተር ነው፣ በቃ ፕላስቲክ በሉት፣ እሱ ላይ ሰም ብትለቀልቁ ወደ እንጨቱ አንዲት ጠብታ አትገባም፣ ለሳምንት ያብረቀርቅና ከዛ አቧራ መሰብሰብ ይጀምራል። ሰም የሚፈልገው ራቁቱን የቀረ እንጨት ነው፣ ወይ ደግሞ ከፋብሪካው በዘይትና በሰም ብቻ ተጨርሶ የወጣ፣ የጀርመኖቹ ዋርዊክ ቤዞች ውስጥ እንደዛ ያሉ አሉ።

(ደግሞ "ቤዛችሁን" እያልኩ ስጽፍ ቅኔ እየተቀኘሁ አይደለም፣ ቃሉ ሲረዝም እንደዛ ሆኖብኝ ነው፣ የዋሸራ ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ።)

የኔ ቤዝ ያገለገለች ናት። የሸጠልኝ ልጅ "ናቹራል ላድርጋት" ብሎ ጥቁሩን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ልጦ ልጦ ሲሰለቸው እንዲሁ ራቁቷን ነው የሰጠኝ። በጥር ከሰርግ ሰርግ ስንዞር ቀኝ ክንዴ የሚያርፍበት ቦታ ላቤን እየጠጣ ጠቆረ፣ ከዛ ሻካራ ፀጉር ነገር አወጣ። እኔም ብልጥ ነኛ፣ ከሱቅ ሻማ ገዝቼ እያሞቅኩ ለቀለቅኳት። የሱቅ ሻማ ደግሞ ፓራፊን ነው፣ የንብ ሰም አይደለም፣ እሱንም በወፍራሙ ነው የቀባሁት፣ ሳልወለውል። መራዊ አንድ ሰርግ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ሙቀቱ ሲነሳ ሻማው ለሰለሰና የነጭ ሸሚዜን እጅጌ ያዘው፣ የጭፈራው አቧራ ሁሉ ሄዶ እሷ ላይ ተለጠፈ፣ ሌሊቱ ሲያልቅ ቤዟ ዱቄት የተነሰነሰባት ድፎ ዳቦ መስላለች። ሰፈራችን ላሉ አንድ አናጢ ወስጄ ሳሳያቸው አያ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና "አንተ ልጅ፣ የተጠማ ሰው ካፖርት ይደረብለታል እንዴ? መጀመሪያ ዘይት አጠጣው፣ ሰሙ ኋላ ነው" አሉኝ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዛች ቃል የመጣ ነው፣ ላዩ ላይ የራሴ ጥፋት ተጨምሮበት።

መጀመሪያ፣ እንጨቱ ክፍት ነው ዝግ?

የማይታይ ቦታ ፈልጉ፣ ለምሳሌ ከጀርባ ያለውን የፖታንሽዮሜትር (የድምፅ መቆጣጠሪያው) ክዳን በካቻቪቴ ፈታችሁ ጠርዙ ላይ። እዛ አንዲት ጠብታ ውሃ ጣሉ። እንደ ዶቃ ክብ ብላ ቁጭ ካለች እንጨቱ ዝግ ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይታ ከተሰወረችና ቦታው ጠቆር ካለ ክፍት ነው፣ ዘይትም ሰምም ይቀበላል። ኔኩን (ረጅሙን አንገቱን) ለብቻው ሞክሩት፣ ቦዲው (ሰፊው አካሉ) የተላጠ ቤዝ እንኳ ኔኩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ቫርኒሹ እንዳለ ነው።

ዝግ ከሆነ ስራችሁ ቀላል ነው፣ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ደረቅ ጨርቅ፣ አለቀ። ለቴሌቪዥን ማስቀመጫ የሚነፋውን የቤት እቃ ስፕሬይ ተዉት፣ ሲሊኮን ካለበት አንድ ቀን ቀለም እናድሳት ስትሉ ቀለሙ አልይዝ ይላል። የድሮ ጊታር ካጋጠማችሁ ደግሞ ቲነርና አሴቶን አጠገቡ አታድርሱ። አሜሪካዊው ጊታር ሰሪ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ የአሽ እንጨት ላይ የተነፋ ናይትሮሴሉሎስ ላከር ነበር፣ እሱ ነገር በቲነር ይቀልጣል፣ ቀለሙ ጨርቃችሁ ላይ ነው የሚቀረው።

ክፍት ከሆነ እንቀጥል።

ሰሙ ከየት ይመጣል

ጎጃም ተቀምጠን የጊታር ሰም ከውጭ እናስመጣ ማለት ይገርመኛል። ጠጅ ቤት ሂዱና ሰፈፍ ጠይቁ። ማሩ ተበጥብጦ ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈው፣ ሰሙም የንቡ ሬሳም ሁሉ ያለበት ነገር ነው። እኔ የሄድኩባቸው እትዬ "ለምንህ ነው?" አሉኝ፣ "ለጊታር" ስላቸው "ጊታርም ጠጅ ጀመረ?" ብለው ሙሉ ሳህን ሰጡኝ፣ ብርም አልተቀበሉ። ሰፈፍ ካላገኛችሁ የተጣራ ሰም ከማር ነጋዴ ይገኛል። ጧፍ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ካላወቃችሁ አትመኑት፣ አሁን አሁን ብዙው ፓራፊን የተቀላቀለበት ነው። ሲሸት ማር ማር ካለ፣ ስትቆርሱት ደግሞ እንደ ኖራ ፍርክስ ብሎ በጣት ሲያሹት ከለሰለሰ የንብ ነው።

ሰፈፉን ማጣራት ግማሽ ቀን ይፈልጋል። በብረት ድስት አይሁን፣ ብረት ሰሙን ያጠቁረዋል፣ የአሉሚኒየም ወይ ሽፋኑ ያልተላጠ የኢናሜል አሮጌ ድስት ይበቃል (እናታችሁ የማትፈልገው መሆኑን አረጋግጡ፣ ምክንያቱም አይመለስም)። ሰፈፉን ከውሃ ጋር ጣዱት፣ መፍላት የለበትም፣ የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣል፣ ከ85 በላይ ሲቆይ ደግሞ ቀለሙ ይበላሻል። ሲቀልጥ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አጥልላችሁ ጨምቁት፣ እጃችሁን ተጠንቀቁ። ከዛ ዝም ብላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ውሃው ላይ እንደ ወፍራም ቂጣ ሆኖ ረግቶ ታገኙታላችሁ፣ ከስሩ የተለጠፈውን ግራጫ ቆሻሻ በቢላ ፍቁ። አንዴ ካልጠራ ድገሙት፣ እኔ ሁለቴ ነው ያጣራሁት፣ ሁለተኛው ላይ ቢጫው ወለል ብሎ ወጣ።

ዘይቱ

የተልባ ዘይት ነው የሚሻለው፣ ምክንያቱም ይደርቃል። የምግብ ዘይት፣ የኑግ ዘይት፣ ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የወይራ ዘይት ምናምን እያላችሁ አትሞካክሩ፣ ወይ ይሻግታል ወይ ሲያጣብቅ ይከርማል። ተልባም ቢሆን ሁለት አይነት ነው። ለምግብ የሚጨመቀው ጥሬ የተልባ ዘይት ይሰራል ግን ለመድረቅ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ቀለም ቤት "ቦይልድ ሊንሲድ" ተብሎ የሚመጣው ማድረቂያ የተጨመረበት ስለሆነ ባንድ ሁለት ቀን ይደርቃል፣ እሱ ግን አይበላም፣ ኩሽና እንዳታስቀምጡት።

አሁን የምጽፋትን ቀልድ እንዳታደርጓት። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ነው፣ ሲስብ ደግሞ ይሞቃል። የተዘረጋ ጨርቅ ላይ ከሆነ ሙቀቱ ይወጣል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ከሆነ ግን መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እኔ ይሄን ሳላውቅ የቀባሁበትን ካኒቴራ ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ ከበር ኋላ ጣልኩት፣ ከሰዓታት በኋላ የሆነ የሚያቅር ሽታ መጣ፣ ፌስታሉን ስነካው ከምጣድ አሁን የወጣ እንጀራ ነው የሚመስለው፣ ይሞቃል! ሮጬ ባልዲ ውስጥ ነከርኩት። ስለዚህ ጨርቁን ውጪ ገመድ ላይ ለብቻው ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ይሄ መቼም አይዘለልም።

እንጨቱን ማዘጋጀት

ክሮቹን ፍቱ። አራቱ ክር ተደምሮ ኔኩን ከ70 ኪሎ በላይ ነው የሚስበው፣ አንድ ጎልማሳ ተንጠልጥሎበት ማለት ነው፣ ስለዚህ አንዱን ብቻ ዘና አድርጋችሁ ሌሎቹን ወጥራችሁ አትተዉ፣ ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ እያላላችሁ አውርዱ። ፒክአፖቹን (ከክሩ ስር ሆነው ድምፁን የሚይዙትን) በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ፒክአፕ ማግኔት ነው፣ የእቃ ማጠቢያ ሽቦ ከተጠቀማችሁ ብናኙን ሁሉ ይሰበስብና በኋላ ድምፁን ያበላሽባችኋል፣ እንዲያውም ሽቦውን ተዉት፣ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል።

በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል)፣ ቀጥሎ 320፣ መጨረሻ 400። ሁሌም የእንጨቱ መስመር ወደሄደበት፣ መስመሩን አቋርጣችሁ ከሄዳችሁ ዘይት ሲነካው ጭረቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከ320 በኋላ በእርጥብ ጨርቅ አንዴ አብሱትና ይድረቅ፣ ትንንሽ ፀጉር ብድግ ይላል፣ ያንን በ400 ለስለስ አድርጋችሁ ውሰዱት። ይቺን እርምጃ ካለፋችኋት በመጀመሪያው ሰርግ ላባችሁ ራሱ ፀጉሩን ያስነሳላችኋል፣ እኔን አይታችሁ ተማሩ።

የተጎዱ ቦታዎች አሉ? ርካሽ ቤዞች ብዙ ጊዜ ባስዉድ ወይ ፖፕላር ናቸው፣ ለስላሳ እንጨት፣ ማይክ ስታንድ ቢነካቸው ይሰረጉዳሉ። እዚህ ላይ የምወዳት ዘዴ አለች። ትንሽ እርጥብ ጨርቅ ስርጉዱ ላይ ታደርጉና የጋለ ካውያ ጫፉን ብቻ ለሁለት ሶስት ሰከንድ ነካ ታደርጉታላችሁ፣ እንፋሎቱ ወደ እንጨቱ ይገባና የተጨፈለቀው ያብጣል። አንስታችሁ እዩት፣ ካልወጣ ድገሙት። የኔዋ ጀርባዋ ላይ የቀበቶ ዘለበት የፈጠረው አውራ ጣት የሚያስገባ ስርጉድ ነበር፣ አራቴ ነካ አድርጌው አሁን በጣቴ ካልሆነ በአይን አላገኘውም። እንጨቱ ከተቆረጠ ወይ ከተሰነጠቀ ግን በዚህ አይመለስም፣ ደግሞ ቀለም ያለበት ቦታ ላይ እንዳትሞክሩት፣ ይነሳል።

ሌላው፣ ቤዙ ላይ ከመቀባታችሁ በፊት ከአናጢ ቤት የዋንዛ ፍላጭ ለምኑና እሱ ላይ ተለማመዱ። ዋንዛ ዘይት ሲጠጣ እንዴት እንደሚጠቁርና መስመሩ እንዴት ብቅ እንደሚል ስታዩ ምን ያህል ትንሽ እንደሚበቃ እጃችሁ ይለምዳል።

ዘይት ማጠጣት

በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ 15 ወይ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ ያልገባውን በሙሉ በደረቅ ጨርቅ ጠራርጉ። በሙሉ ነው ያልኩት። ላዩ ላይ የቀረ ዘይት እንደ ሙጫ ሆኖ ነው የሚደርቀው። ለ24 ሰዓት አየር ባለበት ጥላ ስር ተዉት፣ ፀሐይ ላይ አይደለም። ሁለት ወይ ሶስት ጊዜ ድገሙ። ባሕር ዳር በክረምት ከሆነ የምትሰሩት ቀኑን በእጥፍ አስቡት፣ ሐምሌ ላይ ካልሲ እንኳ በሶስት ቀን አይደርቅም። እኔ ብመክራችሁ ጥቅምት ጠብቁ፣ ዝናቡም ወጥቷል የሰርጉም ወቅት ገና ነው።

በአፍንጫ አሽትታችሁ ዘይት ዘይት የማይል፣ በእጅ ስትዳብሱት ደረቅ ሲሆን ለሰሙ ደርሷል።

ቅባቱን መስራት

ልኬቱ በክብደት አንድ እጅ ሰም ለሶስት እጅ ዘይት ነው። ሚዛን ከሌላችሁ እኔ በዚህ ነው የምለካው፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ሰም (ወደ 20 ግራም ይመጣል) እና አንድ የቡና ሲኒ የተልባ ዘይት። ለአንድ ቤዝ ከበቂ በላይ ነው፣ ለድራመሩም ይተርፋል።

ሰሙን ፈቅፍቃችሁ ከዘይቱ ጋር በቆርቆሮ ጣሳ አድርጉ፣ ጣሳውን የሚፈላ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡ። በቀጥታ እሳት ላይ በፍጹም አይጣድም፣ ዘይትና ሰም ነው፣ ይያያዛል። ውሃው ከለላ ነው፣ ባሕር ዳር ከፍታው 1800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ጣሳው ከዛ አያልፍም። እንደቀለጠ አውርዱት። አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ ጣሉና አሹት፣ የረጋ ቅቤ ከመሰለ ልክ ነው፣ ድርቅ ካለ ዘይት፣ ከፈሰሰ ሰም ጨምሩ። ክዳን ባለው ብልቃጥ ገልብጡት።

መቀባት

የባቄላ ፍሬ የምታክል ቅባት በጥጥ ጨርቅ ያዙ። አንድ ባቄላ የቦዲውን ፊት በሙሉ ታደርሳለች፣ ካላደረሰች ያኔ ጨምሩ። በክብ በክብ እያሻችሁ አዳርሱት፣ መጨረሻ ላይ በእንጨቱ መስመር። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደብዘዝ ሲል በንጹህ ካኒቴራ ወልውሉ፣ ክንዳችሁ እስኪሞቅ ድረስ። የመወልወሉን ነገር የምደጋግመው ሰሙን ወደ እንጨቱ የሚያስገባው እሱ ስለሆነ ነው፣ የኔ የመራዊው ውርደትም የመጣው ቀብቼ ስለተውኩት ነው። በማግስቱ አንድ ስስ ድጋሚ።

ሲያልቅ የመስታወት አይነት ጮራ አትጠብቁ። ለዘብ ያለ፣ ቆዳ የሚመስል ነገር ነው የሚሆነው፣ ስትይዙት ይሞቃችኋል። ከላብና ከጠጅ ጠብታ ይጠብቃል፣ ከግጭት ግን አይጠብቅም፣ የሚጠጣ ነገር አምፑ ላይ የሚያስቀምጥ ሙሽራ ሚዜ ሁሌም አለ፣ ቶሎ ጥረጉት።

ኔኩ ክፍት ከሆነ ከጀርባው ብቻ፣ በጣም በጣም ስስ። ወፍራም ከሆነ አውራ ጣታችሁ ይይዝና ከፍሬት ወደ ፍሬት (ኔኩ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) መንሸራተት ያቅታችኋል።

ፍሬትቦርድ ሌላ ታሪክ ነው

ፍሬቶቹ የተተከሉበትን የኔኩን ፊት ማለቴ ነው፣ ይሄን ሰም አትቀቡት። ሮዝዉድ ወይ ኢቦኒ ከሆነ (ጥቁር ቡኒ፣ ቫርኒሽ የሌለው) መጀመሪያ ከፍሬቱ ስር የተጋገረውን እድፍ ጊዜው ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ ጠርዝ ፍቁ፣ ቀጥሎ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ምን እንደሚወጣ ስታዩ እጃችሁን ታጥባችሁ መጫወት ትጀምራላችሁ። ከዛ ፋርማሲ "ሊኩዊድ ፓራፊን" ብላችሁ ግዙ፣ ለሆድ ድርቀት የሚሰጠው ነው፣ "ሌመን ኦይል" ተብሎ ለጊታር በውድ የሚሸጠውም ብዙው ከዚሁ ከማዕድን ዘይት የተሰራ ሽቶ ያለው ነው። አምስት ስድስት ጠብታ ለጠቅላላው፣ አምስት ደቂቃ፣ መጥረግ። በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ይበቃል። ሜፕል ከሆነ (ነጣ ያለው) ቫርኒሽ ስላለው ዘይት አያስፈልገውም፣ በጨርቅ ጥረጉት።

ክሩን መልሱ፣ ከዳር ሳይሆን ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እየወጠራችሁ። አንድ ቀን አሳድራችሁ የክሩን ከፍታ እዩ። ከፍ ካለ ወይ ፍሬት ላይ እያንዛረረ ካስቸገረ ትረስ ሮዱን (ኔኩ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አታዙሩት፣ አዙራችሁም ጥቂት ሰዓት ስጡት።

በየወቅቱ

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሰምም ቢሆን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የሚመቸው ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ነው። እኛ ጋ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ያርሳል፣ ከዛ እስከ ግንቦት ያደርቃል፣ ቤዝ የሚጎዳው በዚህ ልዩነት ነው። በበጋ እጃችሁን በኔኩ ጠርዝ ስታሳልፉ የፍሬቱ ጫፍ የሚቧጭራችሁ ፍሬቱ አድጎ አይደለም፣ እንጨቱ ሸሽቶ ነው። የተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ የተጨመቀ ስፖንጅ አድርጋችሁ ሻንጣው ውስጥ አስቀምጡ፣ ውሃ እንዳይንጠባጠብ። በክረምት ደግሞ ከጭቃ ግድግዳ ጋ አስደግፋችሁ አታሳድሩት፣ ከምድጃ አጠገብም አይሁን፣ መኪና ጣራ ላይ ታስሮ ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ቤዝ አይቼ አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

ድጋሚ ሰም መቀባት በሶስት በአራት ወር አንዴ፣ ወይ ክንዳችሁ የሚያርፍበት ቦታ ውሃ መጠጣት ሲጀምር። ያችው የውሃ ጠብታ ትነግራችኋለች። ያኔ ዘይት ድጋሚ አያስፈልግም፣ ጠርጋችሁ አንድ ባቄላ ቅባት ብቻ።

የተረፈውን ቅባት ብልቃጡ ላይ ምን እንደሆነ ጽፋችሁ አስቀምጡ። የኔ ምንም አልተጻፈበትም ነበር፣ እናቴ የፀጉር ቅባት መስሏት ቅዳሜ ጠዋት ተቀብታው ሻሽ አስራ ገበያ ሄደች፣ በሶስት ውሃ ነው የለቀቀላት።